ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር

ማክሰኞ 9

ዋርካን ገጨሁት።

ቀኑን ሙሉ «አደጋ ደረሰ» እያልኩ ዋልኩ። እማዬም «ፊትሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ «መጋዘን ውስጥ አደጋ ደረሰ» አልኳት፤ ከሰማይ የወረደ ይመስል። ለእሷ መናገር ካቃተኝ ለወረቀት ልናገር። ዕቃ ማንሻ መኪናውን፣ ፎርክሊፍቱን፣ የምነዳው እኔ ነበርኩ። የወለል ሴራሚክ የተጫነበት የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት፣ አንስቼ ወደ ኋላ ስመጣ፣ ቀኝ እግሩ በመኪናው ጀርባና በብረት መደርደሪያው መሃል ገባ። መደርደሪያውን የነካሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጫኞቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ።

ዋርካ የተባለው በቁመቱና በትከሻው ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲከር ጫኝ ጓደኞቹ «ና ቁምልን፣ ጥላህ ሥር እንረፍ» ይሉታል። ያ ሰውዬ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ በሁለት እጁ የሴራሚክ ስባሪ እንደጨበጠ፣ የመጋዘኑ መካኒክ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሊያስለቅቀው ሲታገል አየሁ። እሱ ግን የሚያወራው ስለኔ ነበር፦ «እሷን ያዟት፣ ትወድቃለች።»

እኔ አልወደቅኩም።

ረቡዕ 10

የመጋዘኑ ኃላፊ አስጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ፣ ሻዩንም ራሱ ቀዳልኝ። እስከ ዛሬ ቁጭ በይ እንኳን ብሎኝ አያውቅም።

«እህቴ፣ እኔ የማስበው ላንቺ ነው» አለ። «ሰው ገጭተሻል። መንጃ ፈቃድሽ አለ፣ ክስ አለ፣ እናትሽ አሉ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ተረጋግተን እናስታውስ። ስልክ እያወራ ነው ወደ መኪና መንገድ የገባው፣ አይደል?»

«ስልክ ይዞ ነበር እንዴ?»

«ስልክ የለውም?»

«አለው።»

«በቃ!» ብሎ አስቀድሞ የጻፈውን የምስክርነት ቃል ወደኔ ገፋ አደረገው። መጋዘኑ ወለል ላይ ስልክ ማውራት ክልክል ነው፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

እኔ «አለው» ነው ያልኩት። ይዞ ነበር አላልኩም። ፈረምኩ እንጂ አላልኩም።

ዓርብ 12

ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

እግሩን ቆረጡት። ከጉልበቱ በላይ። መካኒኩ ነገረኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ጽሑፌ የተበላሸው መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ነው።

እሑድ 14

የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ሆስፒታል ሄደው ጠየቁት። እኔ ጉንፋን ስለያዘኝ ቀረሁ። ቁስል ላለበት ሰው ጉንፋን ይዞ መሄድ ነውር ነው።

እማዬ ሽንኩርት እየላጠች «ስታስነጥሺ ግን አልሰማሁም» አለች።

ሐሙስ 18

አዲሱን ፎርክሊፍት ለኔ ሰጡኝ። በባትሪ ነው የሚሠራው፤ መቀመጫው ሶፋ ነው፤ ወደ ኋላ ሲል ጩኸቱ ከግቢው ውጪ ይሰማል። ፈረቃዬም የቀን ብቻ ሆነ። ተራዬ ስለደረሰ ነው። ከኦፕሬተሮቹ ብዙ የቆየሁት እኔ ነኝ፣ ከአንዱ በቀር።

የልብስ መቀየሪያችን ግድግዳ ስስ ነው። ወንዶቹ ወዲያ ማዶ ሲያወሩ ይሰማል።

«ስልክ ሲያወራ ነው አሉ እኮ።»

«ተው እንጂ! ዋርካ?»

«ካርድ ሲሞላ እግሩን አጎደለ በለኛ!»

ሳቁ። በሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር። ጫማዬን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ። እስኪወጡ።

ሰኞ 22

ሄድኩ። ከዚህ በላይ መዘግየት ሰው ፊትም አያምርም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራ በቀጥታ መጥታ ኖሮ የሸሚዟ ኮሌታ ላይ መርፌ እንደተሰካ ነው። እንዳየችኝ ተነስታ አቀፈችኝና «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እህት» አለችኝ። እኔን! መርፌው አገጬን ጫር አደረገኝ፤ ምነው ጠልቆ በወጋኝ አልኩ።

ዋርካ ከስቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። «ይሄ አልጋ መጀመሪያ አጥሮኝ ነበር» አለ። «አሁን ባንድ በኩል ልክ ሆነልኝ።»

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!» ብላ ሚስቱ ትከሻውን መታ አደረገችው።

«ምን ልትሠራ እዚያ ገባህ?» አልኩት። ምን እንዳስጠየቀኝ እንጃ።

«ስባሪ ነበራ! ካርቶን ተቀዶ ሴራሚኩ መንገድሽ ላይ ተበትኗል። ጎማሽን ካንሸራተተው ጭነቱ የሚናደው ባንቺ ላይ ነው ብዬ ጎንበስ ብዬ ስለቅም፣ መምጣትሽን አልሰማሁም። ያቺ መኪና ወደ ኋላ ስትመጣ መጮህ ከተወች ስንት ጊዜዋ! ጥፋቱ የመኪናዋ ነው፣ ያንቺ አይደለም። እንቅልፍሽን ተኚ።»

ሚስቱ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። በላሁት። «ከድርጅቱ እስካሁን ማንም ብቅ አላለም» አለች። «‹እየታየ ነው› ይላሉ። እስቲ አንቺም ውስጥ ሆነሽ ወሬ ካለ ጆሮ ጣል አድርጊልን።»

እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው።

ስለ ጩኸቱ መጻፍ አለብኝ። የድሮዋ መኪና ወደ ኋላ ስትል የሚጮኸው ማንቂያ ዝም ካለ ቆይቷል። ለኃላፊው አንዴ ነግሬዋለሁ። «ፎቅ ላይ ያሉት የቢሮ ሰዎች ራሳቸውን ያማቸው ነበር፣ ተገላገሉ» ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሁለተኛ አልተናገርኩም። ሴት ኦፕሬተር እኔ ብቻ ነኝ። ከተናገርኩ ነጭናጫ ናት፣ ሥራው ከብዷት ነው ይላሉ። ይህን ሁሉም ሰው ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ።

ቅዳሜ 27

አዲሱ መኪና ጥሩ ነው። ጩኸቱ ግን ራስ ያማል።

ሐሙስ 2

ሚስቱ ቤታችን መጣች። አድራሻዬን ከመካኒኩ ጠይቃ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይራ። እማዬ «ግቢ፣ ቁጭ በይ» ብላ ውሃ አቀረበች፤ እሷ ግን በር ላይ እንደቆመች ነው።

«ደብዳቤ መጣልን» አለች። «ስልክ እያወራ ስለተጎዳ ካሣ አይገባውም ይላል። መመሪያ ጥሷል፣ በራሱ ጥፋት ነው ይላል። ሰው ሠራሽ እግሩንም እነሱ አያሠሩም። እሱ ‹ሂጂና እሷን ጠይቂያት፣ እዚያ ነበረች፣ ታውቃለች› አለኝ።»

የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«ስልክ ይዞ ነበር እንዴ?»

«እኔ… ጭነቱ ከልሎኝ ነበር» አልኳት። «በደንብ አላየሁም።»

«ግን ያየ ሰው አለ ማለት ነው? ማን ነው ያየው?»

«አላውቅም።»

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «እሺ፣ ደክሞሽ ይሆናል፣ ይቅርታ» ብላ ሄደች። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

እማዬ ያልተነካውን ውሃ አንስታ ደፋችው። «ያቺ ሴት ውሃ እንኳን አልጠጣችም» አለች። «አንቺም ከሆነ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎሻል። የታመመው ሰው እዚያ ነው፤ በሽታው እዚህ ምን ያደርጋል?»

«እማዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው የሚያበላን።»

«ምን አልኩ እኔ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ምንም አላለችም።

ሰኞ 6

ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣች። አጭር ሴት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ። ዋርካ የወደቀበትን ቦታ አየች፣ የድሮዋን መኪና የኋላ ማርሽ አስገብታ አዳመጠች። ዝም። ከዚያ እኔን አስጠራች። ኃላፊው አጠገቤ ቆመ።

የፈረምኩትን ደገምኩላት።

«ስልኩን በየትኛው እጁ ነበር የያዘው?»

«በ… በቀኝ።»

ጻፈችና ቀና አለች። «በየትኛው እጁ እንደያዘ ካወቅሽ አይተሽዋል ማለት ነው። ካየሽው ለምን አላቆምሽም?»

ኃላፊው «ኧረ ሠራተኛዬን አያስጨንቁብኝ፣ እሷም ተጎጂ ናት» ብሎ ጣልቃ ገባ። ተቆጣጣሪዋ ጥያቄውን ለአፍታ ተወት አደረገችው። ኃላፊው ስልክ ሊያነሳ ዘወር እስኪል ጠብቃ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕክምናው፣ ሰው ሠራሽ እግሩ፣ ካሣው መብቱ ነው፤ ምጽዋት አይደለም። ያን መብት ለማስቀረት የያዙት ነገር ቢኖር ይህ የስልክ ነገር ነው። እሱም ያንቺ ቃል ነው፣ ሌላ የላቸውም። ጉዳዩን የሚዳኘው ቦርድ ፊት እስክትቀርቢ ድረስ ቃልሽን ማረም ትችያለሽ።»

«የተናገርኩት እውነት ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ጥሩ» አለች።

ለምን ነው እንደዚያ ያልኩት? ኃላፊው እኮ አጠገቤ አልነበረም።

ማክሰኞ 7

መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦ «እኔ ስለ ማንቂያው እመሰክራለሁ። ልጠግነው ብዬ ለምኜ ‹በኋላ› ብለውኛል። የስልኩን ነገር ግን አላውቅም። ስባሪውን ከእጁ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ምናልባት ሦስተኛ እጅ ኖሮት ይሆናል።»

ተመልሶ ከሥር ገባ። እግሮቹ ብቻ ታዩኝ። ሁለቱም።

እሑድ 12

ዋርካ ከሆስፒታል ወጥቷል። ብርቱካን ገዝቼ እስከ ሰፈራቸው ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ ደርሼ ሰው የበዛ መሰለኝ፤ ተመለስኩ። ብርቱካኑን እኔና እማዬ እየበላነው ነው። ጎምዛዛ ነው።

እሑድ 19

ዛሬ እማዬ ጠዋት ተነስታ ለብሳ ጠበቀችኝ። «ወዴት ነው?» ስላት «አንቺ ወደምትሄጂበት» አለች። እስከ መታጠፊያው አደረሰችኝና የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እዚህ አለሁ። ጉልበቴን አሞኛል፣ ቶሎ አልነሳም፣ አትቸኩይ።»

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ በመጋረጃ የተከፈለ። ዋርካ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ የምትሰፋው የሱን ሱሪ ነው። ቀኝ እግሩን ቆርጣ አጥፋ እየዘጋችው ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሥራ ላይ ሰው እንዳይገባ በር መዘጋት ነበረበት።

«እንዴ፣ መጣሽ!» አለ ዋርካ። «ወንበር ስጪያት!»

አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ ሻይ ይመጣል፣ ሻይ ከጠጣሁ አልናገርም። ራሴን አውቀዋለሁ።

«ስልክ እያወራ ነበር ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

ዋርካ ወዲያው የገባው አልመሰለኝም። እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረና ቀስ ብሎ ሄደ። «አንቺ?» አለ። «ስባሪውን እጄ ላይ አይተሽ?»

«አይቼ።»

«እኔ እኮ ‹አላየችም ይሆናል› እያልኩ ስከራከርልሽ ነበር። ከዚህች ጋር።» በአገጩ ወደ ሚስቱ አመለከተ። «ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤው የመጣ ቀን ‹ማንን ነበር የምታወራው?› አለችኝ። ማንንም ስላት ‹ታዲያ ለምን ትደብቀኛለህ? ሴት ናት?› አለች። እግሬ ተቆርጦ ተኝቼ! ልጄ ስልኬን ደብቆ ወስዶ የደወልኩበትን ሁሉ ሲፈትሽ ያዝኩት። አባቴ ‹እንዲያው ወሬ ከእግር ይበልጣል?› አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ተገሰጽኩ።»

ሚስቱ አንገቷን ደፍታ የሱሪውን ጠርዝ በጣቷ ታሻለች። እንባዋ ጨርቁ ላይ ሲወርድ አየሁ። የእሷም ሀፍረት በኔ ነው የመጣው፤ ባሏን በመጠርጠሯ።

«እግሬን ብረት ወሰደው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብረት ነፍስ የለውም፣ አልቀየመውም። አንቺንም በእግሬ አንድ ቀን ተቀይሜሽ አላውቅም። ቤቴን ያመስሽብኝ ግን… በይ ውጪልኝ። ውጪልኝ እባክሽ፣ ልጁ ሳይመጣ።»

ይቅርታ ማለቴን አላስታውስም። ሳልል የወጣሁ ይመስለኛል።

እማዬ ከደረጃው ተነስታ ክንዴን ያዘች። መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችልኝ።

ሐሙስ 23

ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ጠባብ አዳራሽ ነው፣ ወንበሮቹ የትምህርት ቤት ወንበር ይመስላሉ። ዋርካ በተሽከርካሪ ወንበር ከፊት አለ። ያ ሱሪ ነው የለበሰው። ዞር ብሎ አላየኝም።

መካኒኩ ስለ ማንቂያው መሰከረ። ከዚያ እኔ። ስልክ አልያዘም፣ ሁለቱም እጆቹ ስባሪ ይዘው ነበር፣ የፈረምኩት ውሸት ነው አልኩ። በሁለት ትንፋሽ አለቀ። ያን ያህል ጊዜ የተሸከምኩት ነገር በሁለት ትንፋሽ ማለቁ ራሱ አሳፈረኝ።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሳ። «አሁን ነው ወይስ ያኔ የዋሸሽው?»

«ያኔ።»

«ስለዚህ ዋሾ ነሽ።»

«አዎ።»

ወረቀቱን አገላበጠ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ «ለምን ፈረምሽ?» አለችኝ።

«ፈርቼ።»

«በኋላስ ያገኘሽው ነገር ነበር?»

«አዲስ መኪና ሰጥተውኛል። የቀን ፈረቃም። ተራዬ ስለ…» አልኩና ቆምኩ። ኃላፊው ጫማውን ያያል። «ተራዬ አልነበረም» አልኩ።

ስወጣ ሚስቱን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ጎን ለጎን ቆምን። አላናገረችኝም፤ ግን ቦታም አልቀየረችም።

ዓርብ 1

ከመኪና አወረዱኝ። «እስኪጣራ» ይላሉ። አሁን ካርቶን ላይ ምልክት የምለጥፈው እኔ ነኝ። በእግሬ ነው የምሄደው፣ ለእግረኛ በተሰመረው ቢጫ መስመር ውስጥ። ከኋላዬ ፎርክሊፍት በመጣ ቁጥር ግድግዳ እይዛለሁ፤ አንዱ ኦፕሬተር «እሷ እንኳን ትፍራ!» ብሎ ሳቀ።

የሚያናግረኝ የለም። ለኃላፊው የቀረቡት ከዳተኛ ይሉኛል። ሌሎቹ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ስደርስ ዝም ይላሉ።

ማክሰኞ 12

ተፈረደለት።

ሕክምናው፣ ሰው ሠራሽ እግሩ፣ የዕድሜ ልክ የጉዳት ካሣው፣ ሁሉም። መኪኖቹ በሙሉ ማንቂያቸው ሳይሠራ ከቆሙበት እንዳይንቀሳቀሱ ታዘዘ። ኃላፊውን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሩት፤ አሳድገው ነው ይላሉ ደግሞ።

ሚስቱ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆማ ነበር። ወሬውን የነገረችኝ እሷ ናት። «እንኳን ደስ አላችሁ» አልኳት።

«መልእክት አለኝ» አለች። «እሱ ምን አለ መሰለሽ፦ ‹ቦርዱ በዝግ አዳራሽ ነው የሰማት። የሚስቁብኝ ግን ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ፍርዱን ሰምተው እንኳን አሁንም ‹በስልክ ምክንያት› እያሉ ነው አሉ። እዚያም ትናገር።›»

«ከተናገርኩ… ይቅር ይለኛል?»

«እሱን አላለም» አለች። ሳስበው ነገር እንዳትጨምር የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ «እኔ ግን ባልጠይቅሽ ኖሮ ያን ቀን ውሃውን እጠጣ ነበር» ብላ ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ሐሙስ 14

ትናንት ልናገር ብዬ ሄጄ ምግቤን በልቼ ወጣሁ። ሰው ጥቂት ነበር፣ ሲሞላ ይሻላል ብዬ። እንዲህ ነኝ እኔ።

ዛሬ ሞላ። ጫኞቹ፣ ኦፕሬተሮቹ፣ ከፎቅ የወረዱት የቢሮ ሰዎች ሳይቀሩ። መካኒኩ በር አጠገብ ተቀምጧል። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ስነሳ ወንበሬ ወለሉን ፋቀና ግማሹ ሰው ዞር አለ፤ ከዚያ በኋላ መቀመጥ አይቻልም።

«ዋርካ ስልክ እያወራ አልነበረም» አልኩ። ድምፄ እንደ ታመመ ሰው ነው። «ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። መንገዴ ላይ የተበተነ ስባሪ እየለቀመልኝ ነበር። ስልክ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ በድምፁ ያላወቅኩት ሰው ጮኸ፦

«አልሰማንም! ጮክ በይ!»

እያሾፈብኝ ይሁን በእውነት ሳይሰማው ቀርቶ ይሁን አላውቅም። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።